የአሶሳ ውርጭ

አንባቢዬ፣ አሶሳ ላይ ውርጭ ወርዶ አይተህ ታውቃለህ? እኔም አላየሁም። ጎረቤቴ ጋሽ ይማም ግን በየዓመቱ ይጠብቁታል። በደርግ ጊዜ ከወሎ ደጋ በሰፈራ የመጡት በልጅነታቸው ነው፤ ልባቸው ግን ዛሬም ጓዙን አልፈታም። ጓሯቸውን የሚንከባከቡት የአሶሳን ሰማይ አይተው መሰለህ? ወንድማቸው ከወሎ በስልክ የሚነግራቸውን የአየር ጠባይ ሰምተው ነው እንጂ!

ባለፈው ታኅሣሥ ወንድምየው ደውሎ፣ «ዘንድሮስ ውርጩ ጉድ ሠራን» አላቸው። ጋሽ ይማም ሮጡና፣ ሚስታቸው እትዬ ዘይነባ ከጉድጓድ ውሃ እየቀዱ በስንት መከራ ያቆሙትን ጎመን በላስቲክና በብርድ ልብስ ሸፋፈኑት። በማግስቱ ቀትር ላይ ሲገለጥ እንፋሎቱ ፊታችንን ገረፈን።

የአገሬው ተወላጅ፣ የበርታው ጎረቤታችን ሼህ ኑር በአጥሩ ብቅ አሉ። «ጋሼ ይማም፣ ጎመን በስሏል። ጨው ብቻ ቀረ» አሉና፣ ሳይተከል በእጣቢ ውሃ ብቻ ካደገው የቆላ አትክልት፣ ከባሚያቸው ቀንጥሰው ለእትዬ ዘይነባ ሰጧቸው።

እትዬ ዘይነባ አለቀሱ። እኔም ተስፋ ቆረጥኩ። ጋሽ ይማም ግን የተቀቀለውን ቅጠል አገላብጠው አዩና ስልካቸውን አወጡ።

«ወንድሜ፣ አልሐምዱሊላህ! የእኛን እንኳ ውርጭ አልነካውም!»