የጨካኙ አበዳሪ እግር

ሰዎች፣ ዛሬ እግር ላይ ወደቅኩ። የማንን እግር ብላችሁ ብትጠይቁ አታምኑኝም!

በዚህ ዕድሜዬ! በሦስት ጎረቤቶቼ ፊት!

እኔ ለጣልያን መኮንኖች ልብስ አጥባለሁ። ባሌ ተሰማ መንገድ ሥራ ላይ ድንጋይ ይፈልጣል። ሁለታችንም እንሠራለን፤ ቤታችን ግን ሁልጊዜ ባዶ ነው። ክረምት ላይ ኪራይ ደርሶ ብጠይቀው ኪሱን ገልብጦ አሳየኝ። "ጣልያኑ መች ከፈለንና!"

ምን ላድርግ? ከልደታ ማርያም ጀርባ ከአራጣ አበዳሪ ጋር የምታገናኝ ወይዘሮ በላይነሽ የምትባል ሴት አለች። የእናቴን የብር አምባር አስይዤ መቶ ሊሬ ተበደርኩ። ወለዱ በወር አሥር ሊሬ!

"ገንዘቡ የሰው ነው። ስሙን አትጠይቂኝ፤ ጨካኝ ነው" አለችኝ።

ሰባት ወር ከፈልኩ። እጄ በሳሙና እየተላጠ ከፈልኩ። ሰውየውንም በየወሩ በልደታ ዕለት ደጇ ቆሜ ረገምኩት።

በስምንተኛው ወር አቃተኝ። "እንግዲያው አምባሩን ይሸጠዋል" አለች።

የእናቴን አምባር!

"አገናኚኝ፣ ራሴ እለምነዋለሁ" አልኳት። ዛሬ ሦስት ጎረቤቶቼን ለአማላጅነት ይዤ በላይነሽ ቤት ሄድኩ፤ ወለዱን ሊቀበል ሲመጣ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ስቤ ጠበቅኩት። በሩን ገና ሲያልፍ ተደፋሁ።

"ጌታዬ፣ በእናትዎ ይዤዎታለሁ!"

ከፊቴ የጎማ ጫማ አየሁ። ማሰሪያው ተበጥሶ በሽቦ ተጠግኗል።

ያንን ሽቦ ጠዋት ያሰርኩት እኔ ነኝ!

ቀና ስል ተሰማ ነው። በእናትዎ ያልኩት እንግዲህ በአማቴ መሆኑ ነው!

እሱስ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ወይ ጉድ! ያቺ ወለዷን ሳታዛንፍ የምትከፍለው ጨዋ ሴት አንቺ ነሽ?"

ክንዴ ባዶ መሆኑን ሰባት ወር ሙሉ ያላየ ሰው!

"ከወደቅሽ አይቀር እግሩንም እጠቢለት!" አለች አንዷ ጎረቤቴ። ሌሎቹ ሳቃቸውን በነጠላቸው አፈኑ። በላይነሽ አምባሩን እየመለሰች "በባልና ሚስት መሃል አልገባም፤ ከወለዱ የድርሻዬ ሁለት ሊሬ ግን አይቀርም" አለች።

ለካ እሁድ እሁድ ጠጅ ጠጥቶ ሲገባ "ጓደኛዬ ጋበዘኝ" የሚለኝ...

ጓደኛው እኔ ነበርኩ!

ቤት እንደገባን ጮህኩበት። "ሚስትህ ስትዋረድ አንተ ገንዘብ ትደብቃለህ?"

"ለክፉ ቀን ብዬ ነው።"

"ጣልያን ከተማችን ላይ ተቀምጦ! ከዚህ ወዲያ ምን ዓይነት ክፉ ቀን ነው የምትጠብቀው?"

አንገቱን ደፋ። ቀስ ብሎም ጠየቀኝ። "አንቺስ? የደበቅሽው የለም?"

"ልደታን! ምንም የለኝም!"

እንግዲህ ለእናንተ ብቻ ልናዘዝ። ፍራሹ ውስጥ የሰፋኋቸው አሥራ አራት ጠገራ ብሮች አሉኝ። ተሰማ እንዳያውቅብኝ ብዬ እነሱን ከምነካ በአራጣ ተበደርኩ!

አሁን ተጸጽቶ እዚያው ፍራሽ ላይ ጋደም ብሏል። "የሚቀጥለውን ኪራይ እኔ ፈልጌ አመጣለሁ፣ ብበደርም ተበድሬ" ይላል።

ምን ትመክሩኛላችሁ? እውነቱን ልንገረው ወይስ በበላይነሽ በኩል ላበድረው?