ጣቢያው ፊቱ ወዴት ነው?

ባቡር ተሳፍሬ አላውቅም። እውነቱን ለመናገር በአካል አይቼውም አላውቅም። ግን የባቡር መንገደኛ ሲወርድ መጀመሪያ ምን እንደሚያምረው፣ ሻንጣውን የት እንደሚያሳርፍ፣ ሻዩን በስኳር ይሁን ያለ ስኳር እንደሚጠጣ ጠይቁኝ፤ አንድ በአንድ እነግራችኋለሁ። ካላመናችሁኝ የሰፈሬን ሰው ጠይቁ። እኛ ጨፌዎች ባቡሩ ሳይመጣ መንገደኛውን አጥንተን ጨርሰናል።

ጨፌ የምላችሁ ከጅማ ወደ አጋሮ ስትሄዱ፣ ልክ ከተማው አለቀ ስትሉ የምታገኙት ሰፈር ነው። ቤቶቻችን አስፋልቱ ዳር በአንድ ረድፍ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘው የቆሙ ናቸው። ከፊታችን መንገዱ፣ ከጓሯችን ሰፊ መስክ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬን የማቆመው ሐጂ ጀማል ሱቅ በረንዳ ላይ ነው። በረንዳ ላይ የሚሰፋ ሰው እጁ ጨርቁ ላይ ቢሆንም ዓይኑ አላፊ አግዳሚው ላይ ነው። ጠያቂነቴም ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። ቡና የጫነ አይሱዙ ሲያልፍ ከየት ነው፣ የማን ነው፣ ዛሬ ለምን ዘገየ ሳልል አልውልም። ምን አገባህ ትሉኝ ይሆናል። ምንም አያገባኝም። ማወቅ ነው የምፈልገው።

አንድ ቀን ታዲያ ለስብሰባ ተጠራን። የልማት ውይይት ነው ተባለ። አብዛኛው ሰው የሄደው ስለ መንገድ መብራት መስሎት ነው። አዳራሽ ስንገባ ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ባለሙያ ቆሟል። ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፣ ጫማው ደግሞ ጭቃ ነክቶታል። ጭቃውን ሳይ ወደድኩት፤ ቢያንስ በእግሩ ረግጦ አይቷል ማለት ነው። የባቡር ሐዲድ በዚህ በኩል እንዲያልፍ እየተጠና መሆኑን ነገረን። ከከተማው ወጣ ብላ አንዲት አነስተኛ ጣቢያ ልትሠራ ትችላለች፤ ወይ እኛ ጓሮ ካለው መስክ ላይ፣ ወይ ከወንዙ ማዶ ካለው ሰፈር። የቱ ይሁን የሚለው ገና አልተወሰነም። ከዚያ ጥያቄ ያለው ይጠይቅ አለን።

ጨፌን ጠይቁ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አላወቀም። አንዱ ንብ አናቢ ተነሥቶ፣ ባቡሩ ሲጮህ ንቦቼ ይሰደዳሉ ወይ አለው። ባለሙያው ስለ ንብ እንዳላጠና ተናገረ። አንዲት እናት፣ ላሜ ሐዲዱ ላይ ከተኛች ባቡሩ እስክትነሣ ይጠብቃታል ወይ አሉ። ላሟ ባትተኛ ይሻላል ተባሉ። እሳቸውም ላሟን ስለማታውቃት ነው ብለው ቁጭ አሉ። እዚያው ሰፈር ተከራይቶ የሚኖር የኮሌጅ ተማሪ ስለ ዋይፋይ ጠየቀ። ሐጂ ጀማል ደግሞ ለሶላት የት እንደሚቆም ጠየቁ፤ ባለሙያው ጣቢያው ውስጥ መስገጃ ቦታ ሊታሰብ ይችላል ብሎ ሲመልስ፣ የለም ስለ ባቡሩ ነው የጠየቅሁት አሉ።

እኔ መጨረሻ ላይ እጄን አወጣሁ። ጣቢያው ፊቱ ወዴት ነው አልኩ።

ሰው ሳቀ። ባለሙያው ግን አልሳቀም። ይቺማ ጥሩ ጥያቄ ናት አለ። ባልላችሁም ታውቁታላችሁ፣ አንገቴ ሁለት ጣት ያህል ረዘመ። ከዚያ መዳፉን ዘርግቶ እንደ ሕንፃ አቆመና፣ "እናንተ ጋ ከተሠራ ፊቱ ወደ እናንተ ይሆናል" አለ። "መንገደኛው በሩን ከፍቶ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያየው የእናንተን ቤቶች ነው።"

ሐጂ ጀማል ብድግ ብለው የቤታችንን የትኛውን ወገን አሉ። በመስኩ በኩል ያለውን አላቸው።

በመስኩ በኩል ያለው ምንድን ነው? ጓሯችን ነዋ። ሽንት ቤቱ፣ የዶሮ ቆጡ፣ ገመድ ላይ የተሰጣ የውስጥ ልብስ፣ የሐጂ ጀማል እግሩ የተሰበረ አልጋ። እኛ ጋ እንግዳ በጓሮ አይገባም። በጓሮ የሚመጣ ሌባ ነው፣ ወይም ዶሮ የጠፋው ጎረቤት። የተከበረ ሰው በፊት ለፊት ይመጣል፣ ደጅ ላይ ተነሥተው ይቀበሉታል። እና አሁን የአገር ሙሉ እንግዳ ሊመጣ፣ እኛ ጀርባችንን ሰጥተነው ልንቀመጥ ነው? ከስብሰባው ስንወጣ ስለ ንቡም ስለ ላሟም የሚያወራ አልነበረም።

ጥያቄው የኔ ነበር፤ መልሱን ግን የወሰዱት ሐጂ ጀማል ናቸው። በነጋታው የሱቃቸውን የኋላ ግድግዳ አስቀደዱ። አዲስ በር ከመግዛት ብለው የፊቱን በር ከነመቃኑ አስነቅለው ወደ ጓሮ አዞሩት፤ የድሮውን ቀዳዳ በጭቃ አስመረጉት። ሁለቱም በኩል ክፍት ቢሆንስ ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። አንድ ሰው ሁለት በር አይጠብቅም፣ በአንዱ ስሸጥ በሌላው ይሰረቃል አሉኝ። ይህም እውነት ነው። ጎረቤታቸው አየ፣ አዞረ። የሱ ጎረቤት አየ፣ አዞረ። ባቡሩ የት እንደሚቆም ሳይታወቅ ጨፌ ሰፈሩን እንደ ኮት ገልብጦ መልበስ ጀመረ።

ይህን ሁሉ የሠራው አናጢው ከድር ነው። ከድር እጁ ወርቅ ነው፤ ችግሩ የሚያውቀው ቀን አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ነገ ነው። ልብስ ሰፊ ሆኜ ነገ የሚልን ሰው ማማቴ እንደሚያስተዛዝብ አይጠፋኝም። የኔ ነገ ግን ቢያንስ ለዒድ ይደርሳል። የከድር የራሱ ቤት እስከ ዛሬ በር የለውም፤ መጋረጃ ነው የተንጠለጠለበት። ስለዚህ እሱን ማሠራት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ሐጂ ጀማል መጋዙን ሱቃቸው ውስጥ ቆልፈው ነው ያስጨረሱት። ሌላው የሱብሒን፣ የንጋቱን ሶላት ሰግዶ ሲወጣ መስጊድ ደጅ ጠብቆ እጁን ይዞ ይወስደዋል። ደግሞ አንድ ጠባይ አለው፤ የሚጨቀጭቀውን ሰው ሥራ ቶሎ ይገላገለዋል፣ የሚወደውን ሰው ሥራ በደንብ አድርጌ እሠራለታለሁ ብሎ ያቆየዋል።

እንዲህ እንዲህ እያለ ረድፉ ሁሉ ዞረ። አንድ ቤት ብቻ ቀረ። የአዴ ዘይነባ ሻይ ቤት።

አዴ ዘይነባ የረድፉ መጨረሻ ላይ ያሉ፣ ባላቸው ካረፉ ወዲህ ሁለት ሴት ልጆች በዚያች ሻይ ቤት ያሳደጉ እናት ናቸው። ሌላ ገቢ የላቸውም። ሻይ፣ ሳምቡሳ፣ ፓስቲ፤ በቃ። ጣቢያው ጓሯችን ቢመጣና በራቸው እንደ ድሮው ወደ አስፋልት ቢቀር፣ መንገደኛው ሁሉ ጎረቤት ገብቶ እሳቸው ግድግዳ ሆነው ሊቀሩ ነው። ሰው ይህንን በየቀኑ ይነግራቸው ነበር። ሐጂ ጀማልማ ይቺ ሴት ግትር ናት፣ ልማት አይገባትም እስከማለት ደርሰዋል።

እኔ አሳዘኑኝ። አንድ ከሰዓት ሻይ ልጠጣ ገብቼ ለምን እንደማያዞሩ ጠየቅኋቸው። መልስ ሳይሆን ጥያቄ ሰጡኝ። "ልጄ፣ አንተ መጠየቅ ትወዳለህ። ያ ሁሉ እንግዳ መጥቶ ጀርባዬን ቢያይ ምን ይለኛል?" አሉ። እና ታዲያ አልኳቸው። ብርጭቆውን እያለቀለቁ፣ "ጊዜው ሲደርስ ይሆናል፣ ኢንሻአላህ" አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ፍርሃት ነበር፤ እኔ ግን እርጋታ ነው አልኩ። እንዴት ያሉ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው እያልኩ ወጣሁ።

የኔን ኑሮ ልንገራችሁ። ሱቁ ሲዞር በረንዳውም ዞረ፣ እኔም ከነመኪናዬ ዞርኩ። ፊቴ መስክ ሆነ። ከጧት እስከ ማታ የማየው ላም ነው። ላም ደግሞ ብትጠይቃትም አትመልስም። ቀድሞ ሱሪ የሚያሳጥር፣ ዚፕ የሚያስቀይር ሾፌር መኪናውን አቁሞ ይመጣ ነበር፤ አሁን በአስፋልቱ በኩል የሚያልፍ ሰው የሚያየው ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመረገ ጭቃ ነው። ሐጂ ጀማል ወንበራቸውን ወደ መስኩ አዙረው፣ ኤጋ፣ እንግዲህ ትንሽ ነው የቀረው ይላሉ። ምን እንደቀረ ግን አይናገሩም።

ባለሙያው ታዲያ አንድ ቀን ተመልሶ መጣ። በየት በኩል? በአስፋልቱ ነዋ። መኪና በሌላ በየት ይመጣል?

እኔ አላየሁም። ማናችንም አላየንም፤ ሁላችንም ከኋላ ነበርን። የነገሩኝ አዴ ዘይነባ ናቸው። መኪናው ረድፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዝግታ አለፈ፣ ተመለሰ፣ እንደገና አለፈ። በመጨረሻ ያገኘው የተከፈተ በር የሳቸው ብቻ ስለሆነ እዚያ ቆመ። ባለሙያው ከሁለት የሥራ ባልደረቦቹ ጋር ገብቶ ሻይና ሳምቡሳ አዘዘ። ከዚያ ምን ሆኖ ነው፣ እዚህ ሰፈር ሰው ነበረ፣ የት ሄደ ብሎ ጠየቃቸው።

አዴ ዘይነባ የማይዋሹ ሴት ናቸው። "ሁሉም ከኋላ ሆነው እናንተን እየጠበቁ ነው" አሉት።

ቀልድ መሰለው። እሳቸው ልጃቸውን ሐጂ ጀማልን እንድትጠራ ላኩ። ሐጂ ኮታቸውን ለብሰው፣ ቆባቸውን አስተካክለው ተነሡ። ግን እንዴት ይምጡ? ወደ አስፋልት የሚያወጣ በር የለም። ረድፉን ሙሉ በመስኩ በኩል ዞረው፣ የሰው አጥር ዘለው፣ ውሻ ተቆጥቷቸው መንገዱ ላይ ብቅ ሲሉ መኪናው ወደ ወንዙ ማዶ ሄዷል። ማዶ ያሉት ሰዎች ደግሞ እንኳን በር ሊያዞሩ ስለ ጣቢያውም በደንብ አልሰሙም ነበር። ሱቃቸው ወደ መንገድ ክፍት ነው፣ ባጃጁ ይጮሃል፣ ሙዝ ሻጩ ይጠራል፣ ሰው ይወጣል ይወርዳል።

ሁለተኛው ስብሰባ ላይ ያው ወጣት ባለሙያ፣ ጣቢያ የሚሠራው ሰው ቀድሞም የሚሰበሰብበት ቦታ ነው አለን። ስለዚህ ጥናቱ ወደ ማዶ እንዳጋደለ ነገረን። ሐጂ ጀማል፣ እኛስ ሰው አይደለንም ወይ ብለው ጠየቁ። ባለሙያው ራሱ መጥቶ እንዳየ፣ በመንገዱ ዳር ያገኘው አንዲት ሻይ ቤት ብቻ እንደሆነ፣ ሻዩ ግን ጥሩ እንደነበር ገለጸ። ከዚያ በኋላ ሌላ ጥያቄ የጠየቀ የለም። የነገሩ ሁሉ መነሻ የኔ ጥያቄ ስለነበር እኔም እጄን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ።

ከድር እንደገና ሥራ በዛበት። የተነቀለው ተነቅሎ፣ የተመረገው ተቀድዶ፣ በሮቹ ወደ አስፋልት ተመለሱ። እስከዚያው ግን የአይሱዙ ሾፌሮች ሁሉ ሌላ የሚቆሙበት ቦታ ስላጡ አዴ ዘይነባን ለምደዋል። አጋሮ የጫነውም፣ ከሰኮሩ በኩል የሚመጣውም እዚያ ነው ቁርሱ። ቤቷ ስለጠበበች ግድግዳ ዳር አግዳሚ ወንበር ተጨመረ፤ ትልቋ ልጅ ሌላ ሥራ መፈለጓን ትታ እናቷን ታግዛለች። የሰፈሩም ወሬ ተገለበጠ። ያቺ ግትር የተባለች ሴት አሁን አስተዋይ ናት፣ አርቃ የምታይ ናት፣ ማሻአላህ ተባለች። ለዕድር ስብሰባ እንኳ ሐጂ ጀማል መጀመሪያ እሳቸው ይናገሩ ይላሉ።

እኔ ደግሞ ታውቁኛላችሁ። አልቻልኩም። ሰው በሌለበት ሰዓት ገብቼ፣ አዴ፣ ሁሉም ሲያዞር እርስዎ ያላዞሩት ምን አይተው ነው አልኳቸው።

አዴ ዘይነባ ወደ ደጅ አየት አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ምን አየሁ? ከሁሉ ቀድሜ ለከድር የነገርኩት እኔ ነኝ። ከስብሰባው ስንወጣ እዚያው መንገድ ላይ" አሉኝ። ነገ እመጣለሁ ብሏቸው ነበር። በየቀኑ ጧት እዚያው ሻዩን እየጠጣ፣ የርስዎንማ በደንብ አድርጌ ነው የምሠራው፣ ነገ እያለ ቆየ። እሳቸው ሰው መጨቅጨቅ አይወዱም። ሌሊት እንቅልፍ አጥተው፣ ልጆቼን በምን ላኖር ነው እያሉ ሲያለቅሱ ነበር የከረሙት። እርጋታ ነው ያልኩት ያ ነበር። አፈርኩ፤ ሳቄም መጣ፤ ሁለቱም ባንድ ላይ።

ይህን እያወራን ሳለ ሁለት ሽማግሌዎች ጫማቸውን ደጅ ላይ አራግፈው ገቡ። ከማዶ ሰፈር ናቸው። ሰላምታው ረዘመ፣ ሻይ ቀረበ። ዝናዎን ሰምተን ምክር ፍለጋ ነው የመጣነው አሉ። ጣቢያው እኛ ጋ ሊሆን ነው ተብሏል፤ ፊቱ ግን በጓሯችን በኩል ነው ይላሉ፤ ሰው በራችንን እናዙር እያለ ነው፤ እርስዎ ምን ይላሉ?

አዴ ዘይነባ እኔን አዩኝ። ከዚያ ሽማግሌዎቹን አዩ።

"አዙሩ" አሏቸው። "ሥራውን ግን ለኛው ለከድር ስጡት። ሻይ አጠጡት፣ አትጨቅጭቁት። ነገ ሲላችሁ፣ እሺ በሉት።"