ምላሱን ያወጣው ኮማንደር

ይህን ወሬ ያቀበለችኝ ሩዝ መፈልፈያው ደጃፍ ገለባ የምትሸጠው ጥሩወርቅ ናት። ግማሹን እንኳ በአጥሬ ቀዳዳ ራሴው ሰምቼዋለሁ፤ ሆን ብዬ አይደለም፣ አጥሩ ነው የሳሳው።

መቼም ሠርግ ሲመጣ ሰው ሁሉ ዘር ጠያቂ ይሆናል። የጎረቤቱን ስም የማያውቀው ሳይቀር ተነሥቶ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል፤ አጎቷ ማን ነበሩ፣ አያቷ የት ተቀበሩ። ሰውን እንዲህ ያበጠርነውን ያህል የጥሎሹን ዕቃ ግን ማንም ዘሩን አይጠይቀውም። ጉዱ እዚያ ላይ ነው።

ጎረቤቴ ዘውዲቱ ደሳለኝ የሚባል ባጃጅ ነጂ ልጅ አላት። ከይፋግ የኔነሽ የምትባል ልጅ ወደደ። የልጅቱ አባት አያ ብዙነህ ባለ ከብት ናቸው፤ ሽማግሌ ሲላክባቸው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። "ለልጄ አንገት አንዲት ማርትሬዛ፣ ያ የጥንቱ ብር። እናቴም እሱን አጥልቃ ነው የተዳረችው። ያለዚያ ልጅ የለም።"

ዘውዲቱ "ዛሬ ማርትሬዛ ከየት ይመጣል?" እያለች ከተማችንን ወረታን አዳረሰች። ጸጉሯን የምሠራት ግን እኔ ነኝ፤ ባጎነበሰች ቁጥር ከቀሚሷ ሥር፣ ከማተቧ ጋር፣ ቅጭል የሚል ነገር እንዳለ አውቃለሁ። የእናቷ ማርትሬዛ ነው። ልጇን ትወዳለች፤ እሱንም ትወዳለች። ምን ታደርጓታላችሁ።

መላው ከተከራይዋ መጣ። መምህር ሄኖክ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ሀንጋሪ የሚባል አገር ተምሮ ሲመለስ አንድ ትልቅ የብር ሳንቲም ይዞ መጥቷል። ሳንቲሙ ላይ ጸጉሩ እንደ ባሕታዊ ተገምዶ መሬት የሚጠርግ ፍጡር አለ። ዓይን የለው፣ ጆሮ የለው፣ ጸጉር ብቻ።

"በግ ጠባቂ ውሻ ነው፣ እትዬ" አላት ሲሰጣት። "አገሩ ስለሚኮራበት ማስታወሻ ቀረጸለት። ዘሩ ኮሞንዶር ይባላል።"

"ኮማንደር?"

"ኮሞንዶር።"

"ያው ነው" አለች። "እኛ ስሙን እንናገራለን፤ ዘሩን ከጠየቁ ያኔ እናያለን።"

ወዲያው አንጥረኛ ዘንድ ወስዳ ማንጠልጠያ ጆሮ አሠራችለት። ጆሮ ያልነበረው ፍጡር ጆሮ አወጣ።

በጥሎሽ ቀን የሙሽራው እናት አትሄድም። ዘውዲቱ ግን ሽማግሌዎቹን ስላላመነቻቸው ከልጇ ጋር መምህሩን ጎትታ፣ ጥሩወርቅን አስከትላ ይፋግ ወረደች። ልብሱ ታየ፣ ጫማው ታየ። ከዚያ የእኛ ሽማግሌ ሳንቲሙን ከፍ አድርገው "ከማርትሬዛም የሚበልጥ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ፣ የታላቁ ኮማንደር ምስል ያለበት ጥሩ ብር" አሉ። እልል ተባለ። አንዲት አሮጊት "ጎፈሬው ሲያምር" ብለው ሳሙት። አስቡት እንግዲህ።

አያ ብዙነህ ተቀብለው ወደ በሩ ብርሃን ወጡ። አገላበጡት።

"ኮማንደሩ" አሉ ቀስ ብለው፣ "ምነው ምላሱን አወጣ?"

"ሞቆት ይሆናል" አለች ዘውዲቱ።

"አራት እግሩስ?"

"እሱማ ፈረሱ ነው፣ አያ።"

"እኔ ከብት ጠባቂ ነኝ፣ እመቤት። ውሻ አውቃለሁ። ልጄን በውሻ አልድርም" ብለው ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ።

ደሳለኝ አመድ መሰለ። ከጓዳ የየኔነሽ ልቅሶ ተሰማ። ይኼኔ ዘውዲቱ እጇን ወደ አንገቷ ሰደደች፤ ስትፈታው ቅጭል አለ። ማርትሬዛዋን አያ ብዙነህ መዳፍ ላይ አኑራ "እናቴ ይቅር ትበለኝ" አለች።

እሳቸውም ቁጭ አሉ። ሁለቱን ብር ይዘው ወደ መምህሩ ዞሩ። "ለመሆኑ ለውሻ ብር የሚቀርጽ አገር በእውነት አለ?"

"አለ፣ አባቴ። መንጋ ስለሚጠብቅላቸው ነው።"

ደጅ የተኛውን፣ አንድ ጆሮውን ጅብ የወሰደበትን ውሻቸውን ነብሮን አዩት። ብዙ አዩት። "እኛ እኮ አጥንትም እንሰስታለን" አሉ። ቀጥለውም "እንግዲያ ይኼኛውንም አልመልስም።"

ደሳለኝና የኔነሽ ተጋብተው ከአጥሬ ማዶ ይኖራሉ። ማርትሬዛዋ የኔነሽ አንገት ላይ ናት። መምህር ሄኖክ ወደ አንበሳሜ ተዛወረ። ዘውዲቱን ጸጉር ስሠራት አንገቷ ቅጭል አይልም። ሳንቲሙ ነብሮ አንገት ላይ ታስሯል፤ ስሙም ተቀይሯል። አያ ብዙነህ በይፋግ ገበያ መሐል "ኮማንደር፣ ና ወዲህ" ሲሉ፣ ፖሊሶቹም ዞር ይላሉ።