ባለቤቷ እያሉ የተሸጠች ነጠላ

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ... ጥምቀትን ጥምቀት የሚያደርገው ቀሚሱ ነው! (የንስሐ አባቴ ጋዜጣ አያነቡም ብዬ ነው የደፈርኩት፤ እናንተም እንዳትነግሩብኝ።) «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለውን ተረትስ ማን የተረተው ይመስላችኋል? እኔ በበኩሌ የሽሮ ሜዳ ነጋዴ ነው ባይ ነኝ። አለዚያ ደህናውን ቀሚስ ቀዳችሁ ሌላ ግዙ የሚል ምክር ከየት ይመጣል?

ይህን የምለው በሜዳው ስለዋልኩበት ነው። ታላቅ እህቴ ሽሮ ሜዳ የባህል ልብስ ሱቅ አላት። ዘንድሮ ጥምቀት አምስት ቀን ሲቀረው ሻጯ ባል አግብታ ሄደችባትና ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ።

«አንተ ለወሬ ማን ብሎህ! ሱቅ ደግሞ ወሬ ነው» አለችኝ።

«እታለም፣ እኔ እኮ ስለ ልብስ ምንም...»

«አሥራ ስድስት ዓመት ተምረህ ያላገኘኸው ጥበብ እዚህ በየቀሚሱ ጠርዝ ላይ አለልህ፤ ና!»

ሄድኩ። እናላችሁ፣ በሁለት ቀን ውስጥ አፈ ቅቤ ሆኜ ቁጭ! ሞላ ያለችውን «ቀጠን አደረገሽ!»፣ ቀጭኗን «ሞላ አደረገሽ!» እላለሁ። ባሏን አስከትላ የመጣች ከሆነች ደግሞ እሷን ትቼ ወደ ባልየው ነው። «ጋሼ፣ ይሄን ከለበሰችማ እንደገና ሽማግሌ መላክዎ ነው!» ባልየው ይስቃል፤ የሳቀ ባል ደግሞ ከፋይ ነው።

በሦስተኛው ቀን እማማ አማረች የሚባሉ እናት ከቁስቋም ቁልቁል በእግራቸው መጡ፤ ለልጃቸው ቀሚስ ሊገዙ። «ልጄ ሥራ ላይ ናት። ቁመቷ እኔን ነው፤ እኔው ልለካላት» አሉና አንዱን መርጠው ወደ መልበሻው መጋረጃ ሲያመሩ፣ ነጠላቸውን አውልቀው «ያዝልኝማ፣ ልጄ» ብለው ሰጡኝ። ያዝኩ። ቆይ... ያዝኩ አልኩ እንዴ? ባንኮኒው ላይ ጣል አደረግኩ ማለቴ ነው። ባንኮኒው ላይ ደግሞ ገበያተኛ ሲዘረጋው ሲያጥፈው የዋለ ነጠላ ሁሉ ተከምሯል። ነጭ በነጭ ላይ!

ወዲያው አንዲት መነጽር ያደረገች ወጣት ገብታ ክምሩን ማገላበጥ ጀመረች።

«ይሄ ይሻክራል... ይሄም ይሻክራል... ውይ! ይቺ ግን ስትለሰልስ!»

«ዓይንሽ አዋቂ ነው!» አልኩ፣ ዞር ብዬ እንኳ ሳላይ።

«ትንሽ ወየብ አላለችም?»

«ኧረ የጥጡ የራሱ ቀለም ነው! ኬሚካል ያልነካው!»

«ደግሞ አሪቲ አሪቲ ትሸታለች...»

እዚህ ላይ እንኳ አልነቃሁም! «ጥጡ የበቀለበት አገር ሽታ ነዋ!» ብዬ ቀጠልኩ። «ስሚኝ እህቴ፣ ይቺን የሠራ እጅ ዛሬ አይገኝም። ሰውየው ክሩን አልሸመነውም፤ አጫወተው እንጂ! ከእንግዲህ እንዲህ ያለች ነጠላ ብትፈልጊም አታገኚም።»

ልጅቷ ሳትከራከር ገዛች፤ እዚያው ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋት ወጣች። ሽሮ ሜዳ ውስጥ ሳይከራከር የገዛ ሰው ካያችሁ፣ አንድ የተበላሸ ነገር እንዳለ ዕወቁ!

መጋረጃው ተገለጠ። «ልክ ነው። ነጠላዬን አቀብለኝ» አሉ እማማ።

ክምሩን አገላበጥኩ። ደግሜ አገላበጥኩ። ላብ አጠመቀኝ፤ ጥምቀት ሳይደርስ!

«እ... ማለቴ... እማማ፣ ምን ዓይነት ነበረች?»

ፊታቸው ተለዋወጠ። «ባሌ ነው የሠራት። ጨማ ነበር ስሙ። ዓይኑ ሳይደክም የሠራት የመጨረሻዋ ናት... እሱ ካረፈ ወዲህ ያለሷ ከቤት ወጥቼ አላውቅም።»

ወገኖቼ፣ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ! እህቴ ዓይኗን ስታጉረጠርጥብኝ እኔ አስፋልቱ ላይ ደርሻለሁ። በጥምቀት ሰሞን ሽሮ ሜዳ ላይ ነጠላ የለበሰች ሴት ፈልጉ እስቲ! ጤፍ ውስጥ የጠፋች ጤፍ ናት። «እህት! ነጠላሽን ልየው!» እያልኩ ስሮጥ አንዷ በጃንጥላ ነረተችኝ። ሌላዋ «ነጠላ ቀሚ! ያዙት!» ብላ ጮኸች። ነጠላ ቀሚው ግን በመነጽሯ ምልክት ልጅቷን ታክሲ ሰልፍ ላይ አገኛት።

«መልሺልኝ፣ የሰው ነው!»

«አሁን እንደዚያ አወድሰህ ሸጠህልኝ፣ የሰው ነው? ጨምሬ ልክፈል የሚል መጣልህ አይደል? አልመልስም!»

በስንት ልመና፣ ከባለቤቷ አፍ ትስማው ብዬ ወደ ሱቁ ይዣት ተመለስኩ።

እማማ ነጠላቸውን የሰው ትከሻ ላይ ሲያዩ እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። ልጅቷ ነገሩ ሲገባት ወዲያው አውልቃ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። እህቴም ገንዘቧን መለሰችላት።

«ይቅርታ እማማ፣ እሱ እንደዚያ አድርጎ ሲያወድሳት...»

«ምን ብሎ አወደሳት?»

«ይቺን የሠራ እጅ ዛሬ አይገኝም አለኝ። ክሩን አልሸመነውም፤ አጫወተው አለኝ።»

እማማ ወደ እኔ ዞሩ። ጥፊ ጠብቄ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«እስቲ ድገመው» አሉኝ።

እየተንተባተብኩ ደገምኩት።

«ጨማዬ ዕድሜ ልኩን ሲሠራ ‹ቀንስ!› ያላለው ሰው የለም። እንዲህ ያለው ግን አንድም ሰው አልነበረም» አሉና፣ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱም ሳቁም። እህቴ አለቀሰች። ልጅቷ መነጽሯን አወለቀች። እኔም አለቀስኩ፤ በከፊል ስላልተባረርኩ!

እዚህ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት? ግን ደስታው አሰከረኝና አፌ ሥራውን ቀጠለ። «እማማ፣ የልጅዎ ቀሚስም እኮ የእጅ ሥራ ነው! የዚህ ቀሚስ ሸማኔማ...»

«ማን ይባላል?»

«እ...»

እማማ ቀሚሱን ገልበጥ አድርገው በጣታቸው ዳሰሱት። የሸማኔ ሚስት ናቸው እኮ! «ይሄ ፋብሪካ ነው» አሉ። «ቀንስ!»

ቀነስኩ። ሲወጡ ጉንጬን ቆንጠጥ አደረጉና፣

«ልጄ፣ አንተ እውነት የምትናገረው ስትሳሳት ብቻ ነው» አሉኝ።