የበቾ ቦሬ ተኩላዎች

ተኩላ-ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ በየእሁዱ በሰፈራችን በበቾ ቦሬ፣ በስፌት ቤቴ በረንዳ ላይ አያለሁ። የሰፈር ወጣቶች ናቸው፤ ዳይስ እየጣሉ በሚጫወቱት የምናብ ጨዋታ ተኩላ-ሰው ይሆናሉ። ጥፍራቸው ረጅም፣ ምሕረት የሚባል ነገር የማያውቁ ናቸው አሉ።

ባለፈው እሁድ ጨዋታውን የምትመራው ሀያት ሰው በላ ግዙፍ ላከችባቸው። «ያረጀ ነው፤ ጺሙ መሬት ይነካል» ብላ ተሳሳተች። ተኩላዎቹ ሁሉ ብድግ! ለመንከስ መሰላችሁ? ወንበር ለመልቀቅ ነው እንጂ።

«አባባ፣ ይቀመጡ። ማን አስቀየመዎት?»

«ኧረ ተዋጉ!» ብትላቸው፣ «ወላሂ፣ ሽማግሌ አይነከስም! ጃርሳ፣ አስታራቂ ሽማግሌ ልከን እንታረቃለን» አሏት። ግዙፉም ታረቀ።

በአጥር ጉዳይ ተጣልተው ዓመት ሙሉ የተኮራረፉት ሁለቱ ጎረቤቶቼ ትናንት በየተራ ስፌት ቤቴ ብቅ አሉ። ሁለቱም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ፦

«እነዚያ ተኩላዎች መቼ ነው የሚመጡት?»