«ይሠራል» ባዩ አቶ ደመላሽ

ሳይጠየቅ የሚመልስ ሰው የሌለበት ከተማ አላየሁም። ለደብረ ማርቆስ የደረሷት ክቡር አቶ ደመላሽ ናቸው። ፊዚክስ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ ከተማው በሙሉ ክፍላቸው ሆነ። የቆመ ሰዓትም አሳዩአቸው፣ ያነከሰ በሬ፣ ፍርዳቸው አንድ ነው፦ «ይሠራል።» አንድ ጊዜ ጎማው ወልቆ ለተጋደመ ባጃጅም ይህንኑ ፈረዱ። ባለባጃጁ ጌቾ «ጋሼ፣ በሁለት ጎማ?» ቢላቸው «ሞተሩን ነው ያልሁት» ብለው አለፉ።

ባለቤቴ እድላዊት ስትሞት ትታልኝ የሄደቻት አንዲት የኤሌክትሪክ መኪና አለች። የቤታችን መስመር ስለማይችላት የምሞላት መናኸሪያው አጠገብ ባለው ፈጣን ቻርጀር ነበር። አሮጌ ሞዴል ነው፤ ለመኪናዋ የሚገጥመውም የሱ መሰኪያ ብቻ ነው። ሰኔ ላይ ገመዱ ተቃጠለ። የጣቢያው ባለቤት ወይዘሮ ማንጠግቦሽ፣ ማሽኑ ዛሬም የሚመረት ከሆነ ገመድ እንደሚያዝዙ፣ ካልሆነ ነቅለው አዲስ ዓይነት እንደሚተክሉ ነገሩኝ። ከተነቀለ መኪናዋን መሸጤ ነው።

አቶ ደመላሽ ይህን ሰምተው ዝም አይሉም። አዲስ አበባ ላለ አስመጪ በስልክ መልእክት ጽፈው ያ ሞዴል ዛሬም ይሠራል ወይ ብለው ጠየቁ። «ይሠራል» የሚል መልስ መጣላቸው። እስከ ማታ ያልሰማ ሰው አልነበረም። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ገመድ አዘዙ፤ እኔም አንድ ወር ሙሉ ጠበቅሁ።

በመጨረሻ ለአስመጪው ራሴ ደወልሁ። ፋብሪካው ያንን ሞዴል መሥራት ካቆመ አራት ዓመቱ ኖሯል። አስመጪው ይሠራል ብሎ የጻፈው መጋዘኑ ውስጥ ስለቀረችው አንዲት ማሽን ነው፤ እሷ አልተበላሸችም።

ለአቶ ደመላሽ ሄጄ ነገርኋቸው።

«እኔም ይሠራል ወይ ብዬ ጻፍሁ፣ እሱም ይሠራል ብሎ ጻፈ፤ ሁለታችንም አልዋሸንም» አሉ።

ሦስት ቀን ጠፉ። በአራተኛው ከአውቶቡስ ወረዱ፣ በጤፍ ማዳበሪያ ገመድ ተሸክመው። ከዚያች ማሽን ላይ እንዴት እንዳስፈቱት አልነገሩኝም፤ አስመጪው እስኪሰለቸው እንዳስተማሩት ግን እገምታለሁ።

ገመዱ ገጠመ፤ መኪናዋም ሞላች። አቶ ደመላሽ ከጎኔ ገብተው የመስተዋቱን አቀማመጥ አረሙኝ፣ የመሪ አያያዜን አረሙኝ። እድላዊት አጭር ነበረች፤ ወንበሩን እሷ እንደተወችው ስለማልነካው ስነዳ ጉልበቴ መሪው ሥር ይጨናነቃል። ዝቅ ብለው ጉልበቴን አዩ፤ ወንበሩንም አዩ።

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

«ይሠራል» አሉ፤ «ንዳ።»