ኢንሹራንስን በሽማግሌ

ነገር ሁሉ በሽማግሌ ያልቃል የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እንኳን አልገጠማችሁ! እኔ ግን በደርግ ጊዜ ቆቦ ላይ ከእንዲህ ያለው ሰው ጋር ግድግዳ ተጋርቼ ኖሬያለሁ። ካሳው ይባላል። በላንድሮቨሩ ገበያተኛ እየጫነ ይኖር ነበር።

አንድ ቀን ጠጁን ሲገለብጥ ውሎ ሲነዳ ዋጃ መግቢያ ላይ የሰው ግመል ገጨ። ፍርድ ቤት ሰክሮ በመንዳት ቀጣው። ከባለግመሉ ጋርም በሽማግሌ ታረቀ። እሰየው! ኋላ ግን ደሴ ያለው ኢንሹራንስ የዓመቱን ክፍያ እጥፍ አደረገበት።

"ባለግመሉ ይቅር ብሎኛል፤ ኢንሹራንስ ምን ቤት ነውና ያኮርፈኛል?" ብሎ መንደሩን በጩኸት አናወጠው።

ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሽማግሌ መርጦ ደሴ ላከ! አንዱ እኔ ነኝ። ባልና ሚስት አስታርቄ አውቃለሁ፤ መሥሪያ ቤት የሚታረቀው ግን በየትኛው አገር ነው? እምቢ ብል ደግሞ ጎረቤት ነው።

ቢሮ ገባን። የሁላችን ታላቅ ሸህ እንድሪስ መረቁ፤ ኃላፊውም ተነሥቶ አሜን አለ።

"ልጄ፣ ካሳው ጠጅ እርም ብሏል። እኛ አምነነዋል። አንተም እመነውና ክፍያውን ወደ ዱሮው መልስለት።"

ኃላፊው ጥቂት አሰበና፣ "ደግ አባቴ። ታዲያ ይህን ሁሉ መንገድ ያመጣዎት እሱ ነው?" አላቸው።

ሸህ እንድሪስ ክው አሉ።

"በሱ መኪና? ያ አላህ! የልጆች አባት እኮ ነኝ! በአውቶቡስ ነው የመጣሁት።"